ሬሳው ካልታየ

ዴላ ሆልከም መሞቷን የሰማችው ከልብስ ክፍል ነው። ሰኞ ጠዋት ቡናዋን በወረቀት ብርጭቆ ይዛ ወደ ስቱዲዮው ስትገባ፣ የተዋንያኑን አልባሳት የምታሰናዳው ፍራን በሁለት እጇ ሁለት ቀሚስ አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት።

«የቱ ይሻልሻል? ሰማያዊው ወይስ ወይን ጠጁ?»

«ለምኑ?»

«ለምትተኚበት።»

«የት ነው የምተኛው?»

ፍራን አፏን ልትይዝ ፈለገች፤ እጆቿ ግን በቀሚስ ተይዘዋል። «ወይ ጉዴ፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አለች። «ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ነዋ። ዓርብ እኮ ነው የምትቀበሪው።»

የቴሌቪዥን ሰው ነውሩ ይሄ ነው። ደግ ወሬ ሲኖር አለቃው ራሱ አበባ ታቅፎ፣ ጥርሱን ገልጦ በርሽን ያንኳኳል። ክፉ ወሬ ሲሆን ግን አንድም ወንድ ነኝ ባይ ፊት ለፊት መጥቶ አይነግርሽም፤ ከልብስ ሰፊ፣ ከዘበኛ፣ ከፀጉር ሠሪ ትሰሚዋለሽ። ዴላ ይህን ስታውቀው ኖራለች። በሌሎች ሲደርስ አይታ ከንፈሯን መጥጣ አልፋለች። በራሷ ሲደርስ ግን ቡናው እጇ ላይ ፈሰሰ።

«ወይን ጠጁን» አለች በመጨረሻ። «ሰማያዊ ለብሼስ አልሞትም።»

«ኬልሲ ወደብ» ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀትር ላይ የሚተላለፍ ድራማ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቱ የሚውል ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ልብስ እያጠፈ፣ ልጅ እያስተኛ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ። ዴላ በዚህ ድራማ ውስጥ ኦክታቪያን ሆና መሥራት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ኦክታቪያ ማለት ባል የምትነጥቅ፣ ኑዛዜ የምትቀድ፣ በሰው ሠርግ መሐል ገብታ «ይህ ጋብቻ አይጸናም» የምትል፣ የወደቡ ሁሉ መርገምት ናት። ዴላ ራሷ የጫማ ሻጭ ልጅ ናት፤ ከዴይተን፣ ኦሃዮ። ሎስ አንጀለስ በአውቶቡስ ገብታ ዓመታት ሙሉ በአስተናጋጅነት ሰሐን ተሸክማለች፤ የወለል ሰም ማስታወቂያ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ፈገግ ብላለች። ለኦክታቪያ የተጠራችው ለሦስት ቀን ሥራ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሙሽራን በዓይኗ ብቻ አስለቀሰቻትና ጸሐፊዎቹ ሊያሰናብቷት አልደፈሩም።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሕይወት ነበራት ለማለት ይከብዳል። ባል አግብታ ነበር፤ «ቤትም ገብተሽ ቅንድብሽን ታነሺብኛለሽ» ብሎ ጥሏት ሄደ። ልጅ አልወለደችም። ፊልም ልትሞክር ብትሄድ «ይቺማ ኦክታቪያ ናት» እያሉ ይመልሷታል። እሷም ተወችው። ኦክታቪያ ትበቃት ነበር። አንድ ቀን ሸርማን ኦክስ ሰፈር ውስጥ ገበያ አዳራሽ ተሰልፋ ሳለ አንዲት አሮጊት ከኋላ መጥታ በረጅም ዳቦ ትከሻዋን መታቻትና «ያቺን ምስኪን ነርስ፣ ግሬስን፣ አትለቂያትም?» አለቻት። ዴላ ቤቷ እስክትገባ ድረስ በደስታ ስትስቅ ነበር። መጠላት እንጀራዋ ነው፤ ደግሞም ይጥማታል።

መሞትስ ቢሆን መች ፈርታ ታውቃለች? ኦክታቪያ ደጋግማ ሞታለች። አንዴ በጀልባ ሰጥማለች፣ አንዴ አውሮፕላኗ በረዷማ ተራራ ላይ ወድቋል፣ አንዴ ሆቴል ውስጥ ተቃጥላለች። ሁልጊዜም ከርማ ከርማ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ ትመለሳለች። በዚህ ሥራ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው፣ ተመልካቹም ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ሬሳው ካልታየ ሰውየው አልሞተም። ሬሳው ከታየ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ፊቱ ከታየ ግን አለቀ፤ የፈለገው ዓይነት ጸሐፊ ቢመጣ አይመልሰውም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ሌላ ኦክታቪያ የሚሰጣት እንደሌለ ዴላ አሳምራ ታውቃለች። እዚያ ሣጥን ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ከተኛች፣ የምትቀበረው ራሷ ናት።

ወደ ትሬንት ኮስተር ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ትሬንት የድራማው ዋና አዘጋጅ ነው፤ ከሻምፖ ማስታወቂያ ተነሥቶ የመጣ፣ ካልሲ የማያደርግ ጎረምሳ።

«ገደልከኝ አሉ።»

«ዴልዬ፤ ነይ ግቢ፣ ቁጭ በይ። ዛሬ ከሰዓት ልነግርሽ ነበር። ውሃ ይምጣልሽ?»

«ለሬሳ ውሃ ምን ያደርግለታል? ስማኝ ትሬንት። መግደሉን ግደለኝ፤ ለምጄዋለሁ። ሣጥኑን ግን ዝጋው። ወይ ከድልድይ ወርውረኝ፣ ወይ ባሕር ውስጥ ክተተኝ። ሬሳዬ አይታይ።»

«እሱማ ሰለቸ። አሁን ባሰጥምሽ ማን ያለቅሳል? ሁሉም የባርኔጣሽን ቀለም እያሰበ ነው የሚጠብቀው።»

«እና? መጠበቁ አይደል እንዴ ሥራው?»

ትሬንት ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ጣቢያው ወጣት ፊት ይፈልጋል» አለ። «እኔ አይደለሁም፤ ጣቢያው ነው። ውልሽም አልቋል። እኔ ያሰብኩልሽ ግን ክብር ያለው አሟሟት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሻማ በርቶ፣ ካሜራው ከቅርብ ፊትሽን ይዞ። ቆንጆ ሆነሽ ትሰናበቻለሽ።»

«ክብርህን ለራስህ ቀብር አስቀምጠው።»

«ዴላ።»

«አንተ ዳይፐር እያደረግህ እናትህ እኔን ነበር የምታየው። ጠይቃት። ኦክታቪያን ሬሳ አደረግኋት በላትና ምን እንደምትልህ ስማ።»

«እናቴ አሁን የምግብ ዝግጅት ነው የምታየው» አለ ትሬንት። ይህን ያለው ሊሰድባት ፈልጎ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። በሩን እንደ ኦክታቪያ አድርጋ ዘግታው ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ዓርብ ጠዋት ሜካፕ ክፍል ስትገባ ሲቢል ራንድ ቀድማት ተቀምጣለች። ሲቢል ግሬስን ሆና ነው የምትሠራው። ግሬስ ሁሉን ይቅር የምትል፣ ስትናገር ድምፅዋ የሚርገበገብ ደግ ነርስ ናት። ኦክታቪያ ስታቃጥል ግሬስ ታጠፋለች፤ ኦክታቪያ ስትቀማ ግሬስ ታለቅሳለች። ከካሜራ ውጭ ያለችው ሲቢል ግን ሆምጣጤ ናት። ጠባቸው የተጀመረው በጥፊ ነው። በድራማ ጥፊ አያርፍም፤ እጅ በጉንጭ አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ድምፁ በኋላ ይገባል። ሲቢል አንድ ቀን ቀለበቷን ሳታወልቅ እውነተኛውን አሳረፈችባት። ዴላም በሳምንቱ አንድ ብርጭቆ ሻምፓኝ ድፊባት በተባለች ጊዜ ከነበረዶው ሙሉውን ባልዲ ደፋችባት። ሁለቱም ተቀርጿል፣ ሁለቱም ተላልፏል፣ ሕዝቡም አጨብጭቧል። ከዚያ ወዲህ በሰላም የተለዋወጡት ቃል የለም።

«ጥሩ ሣጥን ነው አሉ» አለች ሲቢል፣ መስታወቱን እያየች። «ማሆጋኒ።»

«ላንቺ ካርቶን ይበቃሻል፤ አትጨነቂ።»

ሜካፕ የምትሠራው ሴት ብሩሿን ይዛ በሁለቱ መሐል ቆመች። ይህን ስትሰማ ስለኖረች አልደነገጠችም።

«ፊቷን በጣም አታንጪው» አለቻት ሲቢል። «ያለ ዱቄትም ሬሳ ትመስላለች።» ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣች። «የመሰናበቻው ንግግር የኔ ነው፣ ሰምተሻል? አራት ገጽ። አንቺ አንድ ቃል የለሽም። ሃያ ስድስት ዓመት አፍሽን የምትዘጊበትን ቀን ስለምን ኖሬ እግዜር ሰማኝ።»

«ሳቂ» አለች ዴላ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰይጣን ከሌለ ጻድቅን ማን ያየዋል? እኔ ከተቀበርኩ አንቺን የሚያስለቅስሽ ማን ነው? ሦስት ወር ነው የምሰጥሽ። ከዚያ ግሬስ ከኋላ ቆማ የሆስፒታል አበባ ስታጠጣ ነው የምናያት። ከዚያ ያለ ሣጥን፣ ያለ ንግግር፣ ዘመድ ልትጠይቅ ክሊቭላንድ ሄደች ይሉሻል፤ አበቃ።»

ሲቢል ወረቀቱን ጭኗ ላይ መለሰችው። ዴላ ድል ነው ብላ ልትደሰት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

የቀትር ድራማ እንደ ፊልም አይደለም፤ ጊዜ የለም። በቀን የሚቀረጸው ገጽ ብዛቱ ለጉድ ነው። አንዱ ተዋናይ ቢሳሳት ይታለፋል፣ በር ቢንኳኳ ይታለፋል፤ ጣሪያው ካልወደቀ በቀር አንዴ የተቀረጸ አይደገምም። በተለይ ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነው የሚሠራው። ዴላ ይህን ታውቃለች። ወይን ጠጅ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አነባብራ ሣጥኑ ውስጥ ስትጋደም በልቧ የያዘችው ሐሳብ አንድ ነበር፦ ጣት። ዓይኗን ብትገልጥ ያቆሙታል። ብትተነፍስ፣ ሁሉም ሬሳ በድራማ ይተነፍሳል፣ ማንም አይቆጥረውም። አንዲት ጣት ግን፣ አንድ ጊዜ፣ ካሜራው ከሲቢል ትከሻ በላይ ወደ እጇ ሲያይ ብትንቀሳቀስ፤ ላይ ቁጥጥር ክፍል ያሉት ሰዓት እያዩ ያልፋቸዋል፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየውን ሰው ግን አያልፈውም። ያ ሕዝብ ከጸሐፊዎቹ ይበልጥ ዓይን አለው።

መብራቱ በተዘጋ ዓይኗ ላይ ቀይ ሆኖ ተሰማት። የሲቢል ተረከዝ ቀረበ።

«ኦክታቪያ» አለች ሲቢል በግሬስ ድምፅ። «ዝም ብለሽ አታውቂም ነበር፤ ዛሬ ዝም አልሽ። ባሌን ወሰድሽ። ልጄን ከኔ አጣልተሽ ‹እናቴ አይደለሽም› አስባልሽኝ። ቤቴን ከነፎቶዬ አቃጠልሽ። ለቄሱ ይቅር ልላት ነው የምሄደው አልኩት። ዋሽቼ ነው። የመጣሁት ላይሽ ነው። መሞትሽን በዓይኔ ላረጋግጥ ነው።»

ምራቋ ዴላ ጉንጭ ላይ አረፈ። ንግግሩ ቀጠለ፤ እየቀጠለ ሲሄድ የግሬስ መርገብገብ ከድምፅዋ ጠፋና ሌላ፣ ደረቅ ነገር ተተካ። ይቺ ሴት ከልቧ ነው አለች ዴላ በሐሳቧ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። ከዚያ አንዱ ካሜራ በጎማው እየተንሸራተተ ሲጠጋ ሰማች። አሁን ነው።

የቀኝ እጇን ጣት አነሣችና መለሰችው።

ሲቢል አቆመች። «ይቺ ሴትዮ ተንቀሳቀሰች» ማለት ብቻ ይበቃት ነበር፤ ያኔ ይደገማል፣ ዴላም እንደ ቀልደኛ ትሰደባለች፣ በሁለተኛው ደግሞ ሁሉም እጇን እያዩ ነው የሚቀርጹት። ዴላ በልቧ አምላክን ለመነችው፤ የለመነችው ለመዳን አይደለም፣ ሲቢል አፏን እንድትዘጋ ነው። የሲቢል ትንፋሽ ቀረበ፤ የናና ከረሜላ ይሸታል።

«አላምንሽም» አለች ሲቢል ቀስ ብላ። «ሞተሽም አላምንሽም።»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ተረከዟ ራቀ፣ በሩ ተዘጋ፣ ዳይሬክተሩም ከላይ በድምፅ ማጉያ «አበቃ፣ ቆንጆ ነበር፣ መልካም ሰንበት» አለ።

ዴላ ከሣጥኑ ወጣች። ሲቢል ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች። ዴላ ሄዳ ፊቷ ቆመች። «ሲቢል፣ እኔ...»

«ጣቶቼ አብጠዋል» አለች ሲቢል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ሄደች።

በአውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ሁሉ ተጠጋግቶ ቆሞ ሳለ ዴላ መሪዋን ይዛ አለቀሰች። ለካ ሲቢል ትወደኛለች አለች። ጠብ እኮ የሚዘልቀው ከሥሩ ፍቅር ሲኖር ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛው ነው እንጂ። የተራበ ሰው የሸተተውን ሁሉ ምግብ ይለዋል።

ክፍሉ በተላለፈ ማግስት የጣቢያው ስልክ ፋታ አጣ። «ተንቀሳቅሳለች፣ አይቻለሁ» የሚል ሰው ከየክፍለ አገሩ ደወለ። የነብራስካ አንዲት ሴት ምስሉን ባለበት አስቁማ፣ ጣቷን በቀስት አመልክታ ለዓለም ሁሉ አሳየችው። ሌላው ደግሞ «ግሬስ ‹አላምንሽም› ማለቷስ? አውቃለች ማለት ነው» ብሎ ሲከራከር ዋለ። የገበያ አዳራሾች ሂሳብ መክፈያ አጠገብ የሚደረደሩት መጽሔቶች የዴላን እጅ በሽፋናቸው አወጡ። ትሬንት ያን ቀን ወንበር ወረወረ ይባላል፤ በሳምንቱ የተመልካቹን ብዛት ሲነግሩት ግን ያንኑ ወንበር አንሥቶ ተቀመጠበት።

የዴላ ወኪል ናዲን ትባላለች። ደወለችላት።

«የኔ ማር፣ ኦክታቪያ ልትመለስ ነው። ጸሐፊዎቹ እየጻፉ ነው። ትሬንት ረቡዕ ጠዋት ራሱ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል።»

«ራሱ?»

«ራሱ። አበባም ይኖራል መሰለኝ።»

ዴላ ረቡዕን በደስታ ጠበቀችው፤ እንዲያው ልቧ ሊፈነዳ ነበር። ፀጉሯን ተሠራች። ሰፊውን ባርኔጣ ከሣጥን አውጥታ ሞከረችውና ሳቀች፤ ይዛውም ወጣች። በመንገዷ ላይ ቆማ አንድ ሙሉ ካርቶን ቸኮሌት ገዛች፣ ሪባን አስጠቀለለችበት። ለሲቢል ነው። ምን ብላ እንደምትሰጣት መኪና ውስጥ ጮክ ብላ ተለማመደች፤ «እንቺ፣ ወፍረሽ ሙቺ» የሚለው የተሻለ ሆኖ አገኘችው።

ትሬንት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። አበባ አለ፤ ነጭ።

«ጉድ አደረግሽን» አለ እየሳቀ። «ልቆጣሽ ነበር፣ ግን እንዴት ልቆጣሽ? ቁጭ በይ፣ ታሪኩን ልንገርሽ። ኦክታቪያ መድኃኒት ወስዳ ነው የሞተች የመሰለችው። ሌሊቱን ከመቃብር ታመልጥና ስዊዘርላንድ ትገባለች። እዚያ አንድ ሐኪም ፊቷን እንደ አዲስ ይሠራላታል። ስትመለስ ቆንጆ፣ ወጣት፣ ማንም የማያውቃት ትሆናለች። ግሬስ እንኳ እጇን ጨብጣ ‹እንኳን ወደ ወደባችን መጣሽ› ትላታለች። አስቢው።»

ዴላ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። በዚያ ሙያ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ ፊቷን ልታሳምር ቢላ ስር ገብታለች፤ በመርፌ ያልደነዘዘ፣ የሚንቀሳቀስ ግንባር የቀረው የእሷ ብቻ ነው። በዚህ ትኮራ ነበር። መጽሔት ላይ «ይህ ግንባር ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ማንም አይነካውም» ብላ ታውቃለች። ሐኪም ቤት መተኛትም፣ መርፌም፣ ማደንዘዣም ትፈራለች። ነጩን አበባ አየችው። ከዚያ ትከሻዋን አቀናች።

«ስንት ጊዜ ይሰጠኛል?»

«ለምኑ?»

«እስኪሽር ነዋ። እብጠቱ እስኪጎድል ወር ከምናምን ይፈጃል ይላሉ። እሺ ትሬንት። እሠራዋለሁ። ግንባሬንም፣ የአንገቴንም። እሱን እምቢ ትላለች ብለህ ፈርተህ ከሆነ አትፍራ። ሐኪሙን እናንተው ምረጡልኝ።»

ትሬንት እስክሪብቶውን አነሣ። ዴላ ይህን እስክሪብቶ ስታየው ገባት፤ ግን መግባቱን እምቢ አለች።

«ካነሰ ዓይኔንም ይጨምሩበት» አለች።

«ዴላ፣ ፊቱ... ያንቺ ፊት አይደለም። ሌላ ሰው ናት። ኬይሊን ትባላለች፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰኞ ጀምራለች።»

ከውጭ የሣር ማጨጃ ድምፅ ይሰማል። ዴላ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። ያፈረችው መባረሯን ሰምታ አይደለም፤ መባረር ያለ ነው። «አንገቴንም» ማለቷን ነው ያፈረችው። ያንን ቃል ከዚያ ክፍል አየር ላይ ለቅማ ብትውጠው ደስ ባላት።

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

«አንድ ትዕይንት አለ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፊትሽ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ትተኛለሽ። ንግግር የለውም። ከዚያ ፋሻው ሲፈታ ኬይሊን ትሆናለች። ፋሻው ውስጥ ማንም መሆን ይችል ነበር፤ ግን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ሕዝቡ እጅሽን ያውቀዋል። እጅሽ እንዲታይ እንፈልጋለን።»

«እጄ ብቻ።»

«እጅሽ ብቻ። ጥሩ እንከፍላለን።»

«እጄና ፊቴ አብረው ነው የሚሄዱት» አለች ዴላ። «አበባህን ለልጅቷ ስጣት። ሳይጠወልግ።»

ባርኔጣዋንና ቸኮሌቱን ይዛ ወጥታ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ማንም አላስቆማትም። ፍራን ከሩቅ አይታት ወደ ልብስ ክፍል ተመልሳ ገባች።

ሲቢል ከግንቡ ጥላ ስር ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ ስክሪፕት ታጠናለች።

«ነገረሽ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ታውቂ ነበር?»

«ስድስት ሴቶች አምጥተው አብሬያቸው አነበብኩ፤ ከየትኛዋ ጋር እንደምስማማ ሊያዩ። የመረጥኳት እኔ ነኝ።»

ዴላ ቸኮሌቱን በብብቷ እንደያዘች ቆመች። ፀሐዩ አናቷን ያቃጥላል። «ያን ዕለት ጣቴን አይተሻል» አለች።

«አይቻለሁ፤ ዕውር መሰልኩሽ?»

«ማስቆም ትችይ ነበር፤ ግን ዝም አልሽ። እንዲያውም ‹አላምንሽም› ብለሽ ረዳሽኝ። እኔ...» እንዲህ ያለውን ነገር ለዚህች ሴት እናገራለሁ ብላ በሕልሟም አላሰበችው። «ከአንጀትሽ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን...»

ሲቢል አሁን ቀና አለች። ፊቷ ላይ ንቀት የለም፣ ፌዝም የለም። የሰለቸው ሰው ፊት ነው።

«አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ የነገርሽኝ። ሰይጣን ከሌለ ጻድቅን ማን ያየዋል አላልሽም? ልክ ነበርሽ፣ ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ጠላት ያስፈልገኝ ነበር፣ ዴላ። አንቺ መሆንሽ ግን ግድ አልነበረም።»

አንድ የዕቃ መኪና እየተንደረደረ በመሐላቸው አለፈ። ዴላ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ቢያንስ ትጠይኛለሽ» አለች። ስድብ እንዲሆን ፈልጋ ነበር የጀመረችው፤ ከአፏ ሲወጣ ልመና ሆነ።

ሲቢል የምር አሰበችበት። «መጀመሪያ ላይ ትንሽ» አለች። «ከዚያ በኋላማ ሥራ ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር፣ እሱን አልክድም። ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ብስኩት ጋግራ ታመጣልኛለች፤ እንዴት ላድርጋት? ጠብ ማስተማር ሊኖርብኝ ነው።» ስሟን ከውስጥ ጠሩት። ጫማዋን አጥልቃ፣ ወገቧን ይዛ ተነሣችና ገባች።

ዴላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ቸኮሌቱን ጎኗ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ሲሄድ አልወደደኝም ብላ ተቀብላለች፤ የሚወድ ይሄዳል፣ ያለ ነው። አንድ ነገር ግን እንደ ርስት ይዛ ኖራለች፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳት፣ ሣጥን ውስጥ ብትገባ እንኳ ከልቡ የሚጠላት አንድ ሰው አለ። ሞተሩን አስነሣች፣ መልሳ አጠፋችው። የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። የሚጠላትም ሰው አልነበራትም።